እንጉዳይን ያመሰገንንበት ሳምንት

ሰኞ

እስከ ረቡዕ አንድ ሰው ምረጪ ተብያለሁ። አንድ ብቻ።

ጠዋት አቶ ሄኖክ የክፍል ኃላፊዎችን ሁሉ ሰበሰበን። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ነው ከአዲስ አበባ የመጣው። ሰው እየለቀቀብን ነው አለ። እውነቱን ነው። በሐይቁ ዳር ወረድ ብሎ ያለው አዲሱ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ ከወጥ ቤትም ከመስተንግዶም ስንቱ ሄደ። ከእኔም ክፍል ሁለት ልጆች ደህና ሁኚ እንኳ ሳይሉኝ ነው የቀሩት። ለጊዜው ደመወዝ መጨመር አይቻልም፣ ሠራተኛ ግን ሲመሰገን ልቡ ይረጋል አለን። ስለዚህ በየወሩ ምርጥ ሠራተኛ ይመረጣል። ፎቶው በመስታወት ተደርጎ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በሆቴሉ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ተራ ለጽዳትና መኝታ ክፍል ደረሰ። የእኔ ክፍል ማለት ነው።

ሌሎቹ ኃላፊዎች እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። እኔ ግን ጨነቀኝ።

ማመስገን አላውቅበትማ። ወረታ ላይ እናቴ ሱቅ ስትነግድ የምታመሰግነው ገዢውን ነበር። እኛን ልጆቿን ያጎደልነውን ነው የምትነግረን። እዚህም ክፍል አጽጂ ሆኜ ገብቼ ኃላፊ እስክሆን ድረስ ጎሽ ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ኃላፊ የሆንሁ ዕለት እንኳ የተነገረኝ ቁልፍ እንዳልጥል ነው። አልከፋኝም ያኔ። እንዲያ ነው ሥራ ብዬ ተቀበልሁት።

ዛሬ ለልጆቹ ምን ምን እንዳልኋቸው ለማስታወስ ሞከርሁ።

ይኼ አንሶላ ተጨማዷል።
መስታወቱ ላይ ውኃ ደርቋል።
ፎጣው የት ገባ?
ፈጠን በሉ፣ እንግዳ ቆሟል።

በቃ ይኼው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ይኼው።

ማክሰኞ

ልለማመድ ብዬ አወቀን አመሰገንሁት። አወቀ ወለል የሚወለውለው ልጅ ነው፣ ዝምተኛ። ኮሪደሩ ሲያበራ አየሁና ቆም ብዬ፣ «ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው» አልሁት። መወልወያውን አስቀመጠና ምን አጠፋሁ እትዬ ሰዓዳ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አላጠፋህም አልሁት፤ አላመነኝም። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ኮሪደር እንደገና ሲወለውል አገኘሁት።

ማንን ልምረጥ።

እትዬ ባንቺ አሉ። ከሁላችንም በፊት የገቡ እሳቸው ናቸው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ካውያ ላይ ይቆማሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ስቆም እንጂ ስቀመጥ አያመኝም እያሉ ያሾፋሉ፤ ሥራው ግን መቆም ነው። ቀርተው አያውቁም። ግን ምን ብዬ ልጽፍላቸው። ምንም የተለየ ነገር የለም፣ በየቀኑ ያው ጥሩ ሥራ ነው። አቶ ሄኖክ የሚፈልገው ታሪክ ነው። ሰው የሚያነበው ታሪክ ያለው ሰው ስጪኝ ብሎኛል።

ታሪክ ካለ የእንጉዳይ ነው።

እንጉዳይ ሁለተኛውን ፎቅ የምትሠራው ልጅ ናት። ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ ነው የመጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይኗ ሁሉን የሚያይ። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ እንግዳ ለብቻቸው አርፈው ነበር። በራቸው ላይ አትረብሹ የሚለውን ካርቶን ሰቅለዋል። እንጉዳይ ጠዋት አለፈች፣ ካርቶኑ አለ። ቁርሳቸው በር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀትር ላይ ተመለሰች፣ ቁርሱ አልተነካም፣ ቴሌቪዥኑ ግን ይጮኻል። እንግዳ መቀበያ ሄዳ ነገረች። ተኝተው ይሆናል ተዪያቸው አሏት። እሷ ግን አልተወችም። ጥበቃውን ለምና በትርፉ ቁልፍ አስከፈተች። ሽማግሌው ወለል ላይ ወድቀው ተገኙ፤ ስኳር ነበረባቸው። ሐኪም ቤት ደርሰው ተረፉ።

በማግስቱ ልጆቻቸው ለምስጋና መጡ። የጨበጡት እንግዳ መቀበያ ያሉትን ነው። እንጉዳይ ያን ሰዓት ፎቅ ላይ አንሶላ ትቀይር ነበር። ማንም አልጠራትም። እኔም አልጠራኋትም፤ ተራ የምመድብበት ሰዓት ነበር።

እሷን መርጫለሁ። ጻፍሁና ሰጠሁት። አቶ ሄኖክ አንብቦ ጠረጴዛውን መታ። በጣም ደስ አለው። እኔም ቀለል አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል፤ ከዚያ እትዬ ባንቺ ትዝ አሉኝ።

ረቡዕ

ለእንጉዳይ ቀድሜ አልነገርኋትም። ድንገት ደስ ይበላት ብለን ነው።

ከምሳ በፊት ሠራተኛው ሁሉ አትክልት ቦታው ላይ ተሰበሰበ። ነፋስ ነበር፤ ሐይቁ ቀልጦ የተደፋ ቆርቆሮ መስሏል። አቶ ሄኖክ ስሟን ሲጠራ የእጅ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። ስለ ሽማግሌው ታሪኩን አነበበ። ሰው አጨበጨበ። እሷ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ አየኋት፣ ፊቷ እንደ ልጅ በራ። ከዚያ ፎቶ አንሺው ብቅ ሲል ፈገግታዋ ጠፋ።

ወደ እኔ ጠጋ ብላ ፎቶው ይቅር እትዬ ሰዓዳ አለችኝ። በጣም ዝግ ብላ። እኔ ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ምን ያሳፍራል፣ በሥራሽ ነው፣ ቁሚ አልኋት። ወላሂ በቅንነት ነው። አቶ ሄኖክ ደግሞ እውነተኛ እንዲመስል የጽዳት ጋሪው ይምጣ አለ። ጋሪው መጣ። በአንድ እጇ የምስክር ወረቀቱን፣ በሌላው ጋሪውን ይዛ ፎቶ ተነሣች። ከተነሣች በኋላ አመሰግናለሁ አለችና ጋሪውን እየገፋች ሄደች።

እትዬ ባንቺ አንድ ጊዜ አጨበጨቡና ወደ ካውያቸው ተመለሱ። አጠገባቸው ሳልፍም ቀና አላሉም። አኩርፈዋል። ምን ላድርግ፣ አንድ ብቻ ነው የተባልሁት።

ቤት ስገባ ባሌ ኑሩ ፎቶውን በስልኩ አሳየኝ። ከሱቁ አጠገብ የሚነግድ ጎረቤቱ ነው የላከለት። «ይቺ አንቺ ጋ የምትሠራው ልጅ አይደለችም?» አለኝ። የወሩ ምርጥ አጽጂ ይላል ከሥሩ። ብዙ ሰው አይቶታል፤ ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ በጎ ነው፤ የሚመርቃት አለ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ያብዛልን ያለ አለ። ታዲያ እኔን ምን ነካኝ። እራት አልበላ አለኝ። የፊቷ ነገር ከዓይኔ አልሄድ አለ።

ሐሙስ

አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው።

ሁለተኛውን ፎቅ ለሁለት ልጆች አከፋፈልሁት። አጉረመረሙ። አንዷ የተሸለመ ሰው ይቀራል ማለት ነው ብላ ሳቀች። ዝም በይ አልኋት። ከዚያ ደግሞ በመቆጣቴ ተናደድሁ።

አራት ሰዓት ገደማ ልብስ ማጠቢያው ገባሁ። እትዬ ባንቺ ትራስ ልብስ ይተኩሳሉ። እንጉዳይ ያልመጣችበትን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም ግሽ አባይ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተከራዩት። ካውያውን አቆሙት።

የነገሩኝ እንዲህ ነው። የእንጉዳይ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ደልጊ ቅኔ ያስተምራሉ። ልጃቸው ባሕር ዳር ነርስነት እየተማረች ነው የሚያውቁት። መጥታ የጀመረችውም እሱን ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ከቤት የሚላከው ሲቋረጥባት ትምህርቱን አቆመችና እዚህ ተቀጠረች። ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ለከርሞ እመለስበታለሁ፣ ያኔ እነግራቸዋለሁ እያለች ቆየች። እሳቸው በየደጀ ሰላሙ ልጄ ነርስ ልትሆን ነው ይላሉ። እሷ ከዚህ ትንሽ ትንሽ እየቆጠበች ትልካለች፤ እዚያ የትምህርት ቤት ድጎማ ነው ብለው ያምናሉ።

አሁን ፎቶዋ ከነጋሪው በሰው ስልክ ሁሉ ላይ ነው።

እትዬ ባንቺ ካውያውን መልሰው አነሡና፣ ሳያዩኝ፣ «ብትጠይቂኝ ነግሬሽ ነበር» አሉኝ። «ግን እኔን ማን ይጠይቀኛል።»

ይኼ ከሁሉ በላይ ወጋኝ።

አቶ ሄኖክ ዘንድ ሮጥሁ። ፎቶው ይውረድ አልሁት። መጀመሪያ አልገባውም፤ ከለጠፍነው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው ይኼ ነው እኮ፣ ጥሩ ነገር ነው ያደረግነው አለኝ። ጉዳዩን ስነግረው ከፌስቡክ አወረደው። ግን ሰው ወስዶ ወስዶ ለጥፎታል፤ የኛ መውረድ ምን ይፈይዳል። የግድግዳው ይቆይ፣ እዚያ የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው አለ። ስወጣ ከግድግዳው ላይ አነሣሁት። የሚቀጣኝ ከሆነ ይቅጣኝ። አሁን አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል።

ሰው አመሰግናለሁ ብዬ ሰው ጎዳሁ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከእትዬ ባንቺ ጋር በባጃጅ ግሽ አባይ ሄድን።

እንጉዳይ ቤት አለች። አልጋዋ ላይ ሻንጣ ተከፍቷል፤ ልብሷ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጪ ነው። ልትሄድ ፈልጋ የት እንደምትሄድ ያልወሰነች ሰው ቤት ነው የሚመስል። ስታየን ተነሥታ ሳመችንና እትዬ ባንቺ እግር ሥር ተቀመጠች።

ጠዋት ስልኳን ስትከፍት የአጎቷ ልጅ ደውሎላት ነበር። ፎቶውን ለመሪጌታ ያሳያቸው አንድ የቅኔ ተማሪያቸው ነው። ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጅዎ ተሸለመች ብሎ በደስታ ነው ያሳያቸው። እሳቸው አይተው ስልኩን መለሱለት። ምንም አላሉም። ማታ ጸሎታቸውን አደረሱ። ጠዋት ጀልባ መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ነገ ባሕር ዳር ይገባሉ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። እንዴት ብዬ እንዳልሁ አላስታውስም፤ ቃሉ አፌ ላይ ተደነቃቀፈ። ሳትጠየቂ ያቆምሁሽ እኔ ነኝ፣ ፎቶው ይቅር ስትዪም ሰምቼ እንዳልሰማ የሆንሁ እኔ ነኝ አልኋት።

«ምስጋናውን አልጠላሁትም እትዬ» አለችኝ። «ስሜ ሲጠራ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ግን ከእኔ አፍ እንዲሰሙት ነበር የፈለግሁ። ጥሩውንም መጥፎውንም ከእኔ።»

ወደብ ሄዳ እንድትቀበላቸው እትዬ ባንቺ መከሯት። አልችልም አለች። ሰው ፊት ምን እንደሚሉኝ አላውቅም አለች። እኔ እሄዳለሁ አልሁ። ሁለቱም አዩኝ። እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥሁ። አንድ የማላውቃቸውን መሪጌታ እኔ ምን ብዬ ነው የምቀበላቸው።

ማምሻውን ለኑሩ ነገርሁት። እውነቱን ንገሪያቸው፣ ሌላ ምን አለሽ አለኝ። ቀላል ነው ለእሱ።

ቅዳሜ

ሁሉንም እንዳለ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

የሕዝብ ማመላለሻዋ ጀልባ ዘግይታ ገባች። ወደቡ በሰው፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በዶሮ ተሞልቷል። ወዲያው ለየኋቸው። ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ከዘራና ጃንጥላ በአንድ እጅ። ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው የልጅቱ ዓይን ነው። ሰው እስኪወርድ ቆመው ጠበቁ።

ቀርቤ እጅ ነሣኋቸው። የእንጉዳይ አለቃ ነኝ አልኋቸው። ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ።

«ፎቶውን ያነሣሽው አንቺ ነሽ?»

«ያስነሣኋት እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። የምትሠራበትን አሳዪኝ ብቻ አሉ። መጀመሪያ እሷን አያዩም ወይ ብላቸው፣ መጀመሪያ ቦታውን አሉኝ።

በሠራተኛ በር ላስገባቸው አልወደድሁም። በዋናው በር አስገባኋቸው። ጥበቃው ከዘራቸውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ ተው አልሁት። አቶ ሄኖክ ከሩቅ አይቶን ተነሣ፣ ግን አልቀረበም። ይኼን እንደ አስተዋይነት ቆጠርሁለት።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያልተያዘ ክፍል ከፈትሁ። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። አልጋውን፣ የታጠፈውን ፎጣ፣ የመታጠቢያውን ክፍል ዞረው አዩ። ይኼን ሁሉ የምትሠራው እሷ ነች ወይ አሉ። ፎቁን ሙሉ እሷ ነች አልሁ። ከዚያ የሽማግሌውን ነገር ነገርኋቸው። ታሪክ አላስዋብሁም፤ ቁርሱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ተዪያቸው መባሏን፣ ጥበቃውን መለመኗን። እየሰሙ ወደ ሐይቁ ያዩ ነበር።

«ሰውዬው ተረፉ?»

«ተርፈዋል።»

ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከታች አለፈ፤ በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ መናገር ጀመሩ። «ያሳፈረኝ መጥረጊያው አይደለም» አሉ። «እኔም ልጅ ሆኜ ለምኜ በልቼ ነው የተማርሁ። ያሳፈረኝ በየደጀ ሰላሙ ልጄ እንዲህ ልትሆን ነው እያልሁ ስናገር፣ ሰው ሁሉ ሰምቶ እኔ የመጨረሻው ሰሚ መሆኔ ነው» አሉ። «ለምን አልነገረችኝም?» ብለው ጠየቁኝ።

እንዳያዝኑባት ይመስለኛል አልሁ።

«አይደለም። ፈርታኝ ነው» አሉ። «ተማሪዎቼም ይፈሩኛል። ድምፄን የሚሰሙት ሲስቱ ብቻ ነው።»

የራሴን ነገር ነው የሚነግሩኝ የመሰለኝ። እኔም እንዲያ ነኝ መሪጌታ ልላቸው አሰብሁና አፈርሁ። በሩን ከፍቼ ቆምሁ።

በባጃጅ ግሽ አባይ ደረስን። እንጉዳይ ግቢው በር ላይ ቆማለች። መምጣታችንን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ምናልባት ከጠዋት ጀምራ ቆማ ይሆናል። አባቷን ስታይ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች። እሳቸው ግን ቀድመው በሁለት እጃቸው ራሷን ያዙ። ፊቷን ወደ ላይ አደረጉና አዩዋት።

«ከስተሻል» አሉ።

ይኼን ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም፤ የእኔ ቦታ አልነበረም። ባጃጁ ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበር ተመልሼ ገባሁ። መንገድ ላይ ነው ያለቀስሁ፤ ባለ ባጃጁ ልጅ በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ቀነሰ።

እሑድ

እትዬ ባንቺ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ሥራ መጡ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ነገሩኝ። አባትና ልጅ ብዙ ተነጋገሩ፣ ሁለቱም አለቀሱ። መሪጌታ እትዬ ባንቺ ቤት አደሩ። አልተቆጡም። ነገ አብራኝ ትሂድ አሉ፤ ለእናቷም ለሰፈሩም ራሷ ትንገር፣ ሌላ ሰው እንዲያወራላት አልፈልግም ብለዋል። ከዚያ በኋላ ትመለሳለች ወይስ ትቀራለች፣ ትምህርቷን ትቀጥላለች ወይስ ምን፣ የተወሰነ ነገር የለም።

አቶ ሄኖክ አስጠራኝ። የግድግዳው ፎቶ የት ገባ አለ። እኔ ነኝ ያነሣሁት አልሁት። አንቺ እንደሆንሽ ጠርጥሬያለሁ አለኝ። ተቀመጪ አለኝና እሱም ተቀመጠ። ፊቱ ደክሟል። «ሰው ማመስገን ይኼን ያህል ከባድ ነው እንዴ ሰዓዳ?» አለኝ። በቅን ነው የጠየቀኝ።

ማመስገኑ አልከበደም አልሁት። እኛ ልጅቱን ሳናውቅ ነው ያመሰገንናት። ደግሞ ግማሹ ለእሷ ነበር፣ ግማሹ ለፌስቡክ። ከእንግዲህ ከማንም በፊት የሚመሰገነውን ሰው ራሱን እንጠይቅ። ሰው ፊት ይሁን ለብቻው፣ ፎቶ ይሁን ዕረፍት፣ እሱ ይንገረን።

የሚመጣውን ወር ሰርዤ ነበር፣ ጭራሽ ልተወው ብዬ አስቤ ነበር አለ። አትተወው አልሁት። ከዚያ ሳላስበው ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። እኔ እዚህ ከገባሁ ወዲህ የሠራተኛውን ልብ ያሰበ አንተ ብቻ ነህ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነበር፣ የበፊቶቹ አስበውትም አያውቁም አልሁት። ቀላ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም አለኝ። አንድ ወረቀት አነሣና መልሶ አስቀመጠ። ሁለታችንም አፍረን ነው የተለያየነው።

ከዚያ ድፍረቱ ሳይለቀኝ ልብስ ማጠቢያው ገባሁ። እትዬ ባንቺ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት አንሶላው ሳይጨማደድ የኖረው በእርስዎ ነው፣ አንድ ቀንም አልነገርሁዎትም አልኋቸው። ላመሰግንዎት ብል ምን ደስ ይልዎታል ብዬ ጠየቅሁ። እያሾፍሁ መሰላቸው። ደግሜ ጠየቅሁ።

«ወንበር» አሉ።

ወንበር?

የካውያው ጠረጴዛ ከፍ ያለ ነው፣ ተራው ወንበር አይደርስለትም። ረጅም ወንበር ቢኖር ተቀምጠው መተኮስ ይችሉ ነበር። ይኼን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ተናግረው አያውቁም። ከባሩ በረንዳ ማንም የማይቀመጥበትን አንድ ረጅም ወንበር ራሴ ተሸክሜ አወረድሁ። ወጡበት። እግራቸው ተንጠለጠለ። በዚህ ዕድሜዬ የመጠጥ ቤት ወንበር ላይ አወጣሽኝ ብለው ሲስቁ አወቀ ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ መጣ።

ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ እራት በላሁ። የነገው ግን ያስጨንቀኛል።

ሰኞ

ጠዋት ወደቡ ሄድሁ። መሪጌታ ቀድመው ጀልባዋ ውስጥ ገብተው ቦታ ይዘዋል። እንጉዳይ ሻንጣዋን ይዛ ዳር ላይ ቆማለች፤ ያ ግማሹ ውጪ የነበረ ልብስ ሁሉ ገብቷል። ሙሉ ሻንጣ ነው፣ የምትመለስ ሰው ሻንጣ አይመስልም።

የሳምንት ፈቃድ ሞልቼልሻለሁ አልኋት። አመሰገነችኝ። ከዚያ ዙሪያችን ሰው ስላልነበረ ነገርኋት። የሽማግሌውን ነገር፣ ሁሉም ተዪ ሲልሽ ያልተውሽው አንቺ ነሽ፤ በዚያው ዕለት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ ለብቻሽ አልኋት። ሌላም ነገርኋት። ሌሎች የሚያልፉትን አንቺ ቆመሽ ታያለሽ፤ ነርስም ሁኚ ሌላ፣ ይኼን የትም ይዘሽው ትሄጃለሽ አልኋት።

ውኃውን እያየች ሰማችኝ።

«ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ አልቅሼ ነበር» አለችኝ። «ማንም ምንም ሳይለኝ ሲቀር፣ ያደረግሁት እኔ አልመስለኝ አለ።»

ያቀፍኋት ያኔ ነው። ከማንም ሠራተኛ ጋር አድርጌው የማላውቀውን።

ትመለሻለሽ ወይ አልኋት። እኔም አላውቅ እትዬ፣ የቤቱን ሁኔታ አይቼ ነው አለች። ላስገድዳት አልቻልሁም፤ ቃል እንድትገባልኝም አልጠየቅሁም። ጀልባዋ ስትነሣ መሪጌታ ከውስጥ እጃቸውን አነሡልኝ። ወደ እምቦጩ አረም ዳር እስክትዞር ድረስ ቆሜ አየሁ። ዘግይቼ ነው ሥራ የገባሁ።

አቶ ሄኖክ በእሷ ምትክ ሰው ልቅጠር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳምንት ስጠኝ አልሁት። ልጆቹ ደግሞ ሁለተኛው ፎቅ ለማን ደረሰ ብለው ተሰበሰቡ፤ ሁሉም እንዳይደርሰው ፈርቷል። ለማንም አልሰጠሁትም። የራሴን የድሮ ሽርጥ ፈልጌ አገኘሁና ጋሪውን ይዤ ወጣሁ።

አራት ክፍል ሠራሁ። ወገቤን ቆረጠኝ። ለካ አልጋ ማንጠፍ ረስቻለሁ፤ አንዱን ሁለት ጊዜ አፍርሼ ነው ያነጠፍሁት። ነገም እኔው ነኝ የምወጣ። ከነገ ወዲያም። እስክትመጣ ድረስ፣ ወይም እንደማትመጣ እስኪነገረኝ ድረስ።